የካርታ ከረጢትና የቤት ከረጢት

በመንዝ ደጋ ላይ ፀሓይ ካዘቀዘቀች በኋላ ብርዱ የሰውን እጅ ከሥራ ያሰናብተዋል። የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ መቀመጫ እንደ ሆነችው እንደ ዘመሮ ባለች ከተማ፥ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ሹም፥ መምህር፥ ሐኪም ወይም የፍርድ ቤት ጸሓፊ የቀኑን ሥራ ፈጽሞ መዝገቡን ከዘጋ በኋላ እስከ መኝታው ድረስ ረዥም ማታ ይተርፈዋል። ቤተ ሰቡን አስከትሎ የመጣ እንደ ሆነ ከልጆቹ ጋራ እሳት ዳር ይቀመጣል። ቤተ ሰቡን በአዲስ አበባ ወይም በደብረ ብርሃን ትቶ የመጣ እንደ ሆነ ግን ልብሱን ደርቦ የባልንጀራውን ደጅ ያንኳኳል። በዚያም አራት አምስት ሰው ከተሰበሰበ ካርታ የሚያመጣ አይታጣም። መጀመሪያ ለሣቅ፥ ቀጥሎ ለቡና ዋጋ፥ ከዚያም «ያለ ገንዘብ አይጥምም» ተብሎ ለጥቂት ብር መጫወት ይጀመራል።

እኛ ይህን የምንጽፈው ቁማርን ለማመስገን አይደለም፤ የሚጫወተውንም ሰው በአደባባይ ለመዝለፍ አይደለም። ዘለፋ ሰምቶ ካርታውን ከእጁ የጣለ ሰው ጥቂት እንደ ሆነ ሁሉም ያውቀዋል። የተነሣንበት ጉዳይ ሌላ ነው። ይኸውም፥ በትንሽ መደብ እየተጫወተ «ከረጢቴን ቀስ በቀስ አሳድጋለሁ» የሚል ሰው በእውነት ሊያሳድገው ይችላልን? የሚያሳድገው ከሆነስ ገንዘቡ ከማን ቤት ወጥቶ ይመጣል? ይህ ጥያቄ የባልን ብቻ ሳይሆን የሚስትንና የልጆችን ኑሮ የሚነካ ስለ ሆነ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ መነሣቱ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ማታ ተቀምጦ መጫወት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ገበጣን እረኛውም ባላባቱም ያውቁታል። ሰንጠረዥ ደግሞ በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት የተከበረ ጨዋታ ነበረ፤ ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ቢቺኒ ከሚባል የቬኒስ ሰው ጋራ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበረ በታሪክ ተጽፎ ይገኛል። በአገራችን ሰንጠረዥ አንዱ የሌላውን ጭፍራ እስኪማርክ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደ ልባቸው ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ይህንንም ወረራ ይሉታል፤ ለተመልካችም እንደ ጦር ሜዳ ያለ ደስታ ነበረው። ነገር ግን በገበጣም ሆነ በሰንጠረዥ ነገሩ ሁሉ በሁለቱ ፊት የተዘረጋ ነው፤ የተሰወረ ቢኖር በባላጋራ ልብ ውስጥ ያለው አሳብ ብቻ ነው። በካርታ ግን አሳቡም ካርታውም የተሰወረ ነው። በዚያ ላይ ዕድል የሚባል፥ ወንበር ሳይሰጠው የሚቀመጥ፥ ሲያሸንፍም ሲሸነፍም ስሙ በሌላ ሰው ስም የሚጠራ አንድ ተጨማሪ ተጫዋች አለ።

ፈረንጆች ፖከር የሚሉት ጨዋታ ከዚህ ወገን ነው። በ52 ካርታ ይጫወቱታል። ዛሬ በዓለም ይበልጥ በታወቀው፥ በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ስም በሚጠራው ዐይነት፥ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ሁለት ካርታ ተሰውሮ ይታደላል፤ ከዚያም አምስት ካርታ በየተራ በገበታው ላይ ለሁሉም ይገለጣል። ሰውየው ከሰባቱ የሚሻሉትን አምስት መርጦ እጁን ያሳምራል። በየመካከሉ ሁሉም በተራው ወይ ካርታውን ይጥላል፥ ወይ የተጠየቀውን ያህል ያስይዛል፥ ወይም ይጨምራል። ሌሎቹ ሁሉ ከጣሉ የቀረው ሰው ካርታውን ሳያሳይ የተከማቸውን ገንዘብ ይወስዳል። ስለዚህ ባዶ እጁን የተቀመጠ ሰው እንደ ባለ ጸጋ ደፍሮ በማስያዝ መልካም ካርታ የያዘውን ሊያስደነግጠውና ሊያስጥለው ይችላል። ይህ ጨዋታ ከሎተሪ የሚለየውም በዚህ ነው፤ ዕድል ትልቅ ድርሻ ቢኖራትም ዐዋቂው ከአላዋቂው በረዥም ዘመን መለየቱ አይቀርም። «በረዥም ዘመን» የሚለውን ቃል አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉት እንለምናለን፤ የብዙ ቤት ጥፋት የሚመጣው ይህን ቃል ካለ መስማት ነው።

ከ52ቱ ካርታ አምስት አምስት እየተደረገ ሊወጣ የሚችለው እጅ 2,598,960 ዐይነት ነው። ከዚህ መካከል አንድ ጥንድ ብቻ ያለበት 1,098,240 ሲሆን፥ አራቱም አንድ ዐይነት ቁጥር የሆኑበት ግን 624 ብቻ ነው። በመጀመሪያ ከሚታደሉት ሁለት ካርታዎች ሁለቱም አስ ሆነው የሚገኙት ከ221 ጊዜ አንድ ጊዜ ነው። ካርታው በሰው እጅ እየተበወዘ በሚታደልበት ገበታ በሰዓት ከ25 እስከ 30 ጊዜ ያህል ይታደላል፤ እንግዲህ አንድ ሰው ይህን የተወደደ ጥንድ የሚያየው በአማካይ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንድ ጊዜ ነው ማለት ነው። ለአንድ ማታ የሚቀመጥ ሰው ብዙ ጊዜ ሳያየው ይነሣል። ከዚህ የተነሣ የዐዋቂ ተጫዋች ሥራ ከመጫወት ይልቅ መጣል ነው፤ እየጣለ፥ እየጠበቀ፥ ሻዩን እየጠጣ ይቀመጣል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ግን ለመጫወት መጥቶ ዝም ብሎ መቀመጥ ይከብደዋልና በማይረባ ካርታ ገንዘቡን ያስይዛል።

የጥንት ዘማች ስንቁን ሳይሰንቅ አይነሣም ነበር። ስንቁም የመንገዱን ርዝመት እንጂ የዘማቹን ጀግንነት አይመለከትም፤ ጀግናውም ይራባል። ለካርታ ብቻ ተለይታ የምትቀመጥ ገንዘብ እንደዚሁ ናት። ተጫዋቹ ዐዋቂ ቢሆን እንኳ ዕድል ለብዙ ማታ ፊቷን ልታዞርበት ትችላለች፤ በዚያ ጊዜ ከረጢቱ ባዶ ከሆነ ዕውቀቱ አይጠቅመውም፥ መደብ የለውምና። ስለዚህ ዋናው ነገር የመደቡ መጠን ከከረጢቱ መጠን ጋራ ያለው ዝምድና ነው።

ይህን በቀላል ሒሳብ እንየው። አንድ ሰው በካርታ ከረጢቱ 1,000 ብር አለው እንበል፤ ዕድሉም እንደ ባላጋራው እኩል ነው እንበል። በየማታው 500 ብር ይዞ ቢቀመጥና ወይ እጥፍ ወይ ባዶ ሆኖ ቢነሣ፥ በተከታታይ ሁለት ማታ ተበልቶ ባዶውን የመቅረቱ ነገር ከአራት አንድ ነው። 50 ብር ይዞ ቢቀመጥ ግን በተከታታይ ሃያ ማታ ተበልቶ ባዶውን የመቅረቱ ነገር ከ1,048,576 አንድ ነው። ሰውየውም ካርታውም ዕድሉም ያው ሲሆኑ የተለየው መደቡ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ትንሽ መደብ ጥፋትን ታዘገያለች እንጂ ብቻዋን አታስቀርም። ፓስካልና ፌርማ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሊቃውንት በ1654 በፈረንጆች አቆጣጠር ስለ ዕድል ጨዋታ ከተጻጻፉ ወዲህ በሒሳብ ተመርምሮ የታወቀ አንድ ነገር አለ። ዕድላቸው እኩል ከሆነ ሁለት ሰዎች አንደኛው 1,000 ብር፥ ሁለተኛው 9,000 ብር ይዘው አንዱ እስኪራቆት ድረስ እኩል እኩል እያስያዙ ቢጫወቱ፥ ባለ 1,000ው ከዐሥር ጊዜ ዘጠኝ ጊዜ ተራቁቶ ይነሣል። ማንም አላታለለውም፤ ካርታውም አልተሰረቀም። ባለ ጸጋው ብዙ ጊዜ መበላትን ስለሚችል ድኻው ግን ስለማይችል ነው። ደመወዙ ትንሽ የሆነ ጸሓፊ ከነጋዴ ጋራ ለመቀመጥ በሚያስብበት ማታ ይህን ሒሳብ ቢያስታውስ ደግ ነው።

በአሜሪካ አገር በላስ ቬጋስ ከተማ ከ1970 በፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ በየዓመቱ ትልቅ የፖከር ውድድር ይደረጋል። በ2003 በቴነሲ አገር የሚኖር አንድ የሒሳብ ሠራተኛ፥ ክሪስ መኒሜከር የሚባል፥ ከመቶ ዶላር በማታልፍ መግቢያ በመረብ ላይ በተደረገ ማጣሪያ አልፎ ወደዚያ ውድድር ገባና 2,500,000 ዶላር ተሸለመ። የቤተ ሰቡም ስም ሲተረጐም «ገንዘብ ሠሪ» ማለት ስለ ሆነ ወሬው እንደ ተረት በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ ብዙ ሰውም በእርሱ ቀንቶ ካርታ ያዘ። የተወዳዳሪው ቍጥር ግን 839 ነበረ። ስለ ቀሩት 838 ሰዎችና ስለ ሚስቶቻቸው የጻፈ ጋዜጣ ብዙ አላየንም።

ከእርሱ ይልቅ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ሌላው አሜሪካዊ፥ ክሪስ ፈርጉሰን ነው። ይህ ሰው በ2006 ምንም ገንዘብ ሳያስይዝ፥ መግቢያ በማይጠየቅባቸው ውድድሮች ሳንቲም በመልቀም ጀምሮ፥ 10,000 ዶላር አደረሰ። ለራሱም ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ከከረጢቱ ከመቶ አምስት በላይ በአንድ ገበታ ይዞ አይቀመጥም፤ በፊቱ ያለው ገንዘብ አድጎ የከረጢቱን አንድ ዐሥረኛ ካለፈ ደግሞ ጨዋታው ቢጣፍጠውም ይነሣል። ከረጢቱ በቀነሰ ጊዜ ወደ ትንሹ ገበታ ተመልሶ ይወርዳል እንጂ «የጠፋውን ልመልስ» ብሎ ወደ ትልቁ አይወጣም። ይህ ሕግ መልካም ሕግ ነው። በኋላ ግን እርሱ ራሱ ከዋናዎቹ ባለ ድርሻዎች አንዱ የነበረበት የመረብ ፖከር ኩባንያ በ2011 ተጫዋቾች በአደራ ያስቀመጡትን ገንዘብ መመለስ ተስኖት ብዙ ሰው እያዘነ ለዓመታት ቆየ። የራስን ከረጢት መጠበቅና የሰውን ከረጢት መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች ናቸው።

አሁን ወደ ዘመሮ እንመለስ። በላስ ቬጋስ በትንሽ መደብ የሚጫወት ዐዋቂ ሰው የሚኖረው ከመንገደኛ ነው፤ እንግዳው በአውሮፕላን ይመጣል፥ ይበላል፥ ይሄዳል፤ በማግሥቱ ሌላ እንግዳ ይተካል። ተጫዋቹ የበላውን ሰው ስም አያውቅም፤ ልጁም ትምህርት ቤት ያለ ጫማ ሲሄድ አያይም። በደጋ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ግን የሚሰበሰቡት እነዚያው አምስት ሰዎች ናቸው። ዛሬ የተቀመጡት በሚቀጥለውም ሳምንት፥ በሚቀጥለውም ወር እነርሱው ይቀመጣሉ። ገንዘብ ደግሞ በካርታ ገበታ ላይ አይወልድም። አምስቱ 200 ብር 200 ብር ይዘው ቢመጡ በገበታው ላይ ያለው 1,000 ብር ነው፤ እስከ እኩለ ሌሊት ቢበወዝም ያው 1,000 ብር ነው። አንዱ ከረጢቱን 400 ብር ካሳደገ የዚያ 400 ብር መንገዱ የታወቀ ነው፤ ከባልንጀራው ዘይት፥ ከክርስትና ልጁ ደብተር፥ ከጎረቤቱ የቤት ኪራይ ወጥቶ ነው የመጣው። በማግሥቱም ያንኑ ሰው በልቅሶ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጦ ያገኘዋል።

ማጫወቻው የሰው ቤት ከሆነና ባለ ቤቱ ለመብራትና ለማጣጫ ብሎ ድርሻ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በሰዓት 20 ብር ብቻ ይቀበላል እንበል። በማታ አራት ሰዓት ቢጫወቱ 80 ብር፥ በሳምንት ሁለት ማታ ቢሆን 160 ብር፥ በዓመቱ 52 ሳምንት 8,320 ብር ይሆናል። አምስቱ ሰዎች በዕውቀት እኩል ቢሆኑ፥ ዓመቱን ሙሉ እየተበላሉ ሲያመሹ ከርመው፥ በመጨረሻ ከአምስቱ ቤት 8,320 ብር ወጥቶ ሄዷል፤ ያሸነፈው ካርታ ያልያዘው ባለ ቤት ነው። ባለ ቤቱም ለዚህ ሥራ ከመንግሥት ፈቃድ የሚያስፈልገው መሆኑን ብዙ ጊዜ አያስታውስም።

ከሁሉ የሚከፋውን ነገር ግን ገና አልጠቀስንም፤ የዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ብዙዎቹ ባለ ሥልጣኖች ስለ ሆኑም በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እንወዳለን። ይኸውም አለቃ ከበታቹ፥ ዳኛም ከባለ ጉዳይ ጋራ በአንድ ገበታ ሲቀመጡ የሚሆነው ነው።

የበታች ሠራተኛ አለቃው «ና፥ አንድ እጅ እንጫወት» ሲለው እምቢ ማለት ይከብደዋል። ተቀምጦም መልካም ካርታ ሲደርሰው አለቃውን መብላት ያፍራል፤ ፈራ ተባ እያለ ይጥላል። በዚህ ዐይነት ያለ ጥፋት፥ ያለ ክስ፥ ያለ ደብዳቤ ደመወዙ ተቀጣ ማለት ነው። አለቃውም በበኩሉ ይጐዳል። ሁሉም ስለሚጥሉለት ድፍረቱን ዕውቀት አድርጎ ያየዋል፤ «እኔን የሚችለኝ የለም» ይላል። ከረጢቱ በእውነት ስላደገችም ማስረጃ ያለው ይመስለዋል። ለስብሰባ አዲስ አበባ በወረደ ጊዜ ሹመቱን ከማያውቁ ሰዎች ጋራ ይቀመጣል፤ እነዚያም ያለ ርኅራኄ ይበሉታል። በዘመሮ የበላው የካርታ ብልጫ ሳይሆን የማዕርግ ብልጫ እንደ ነበረ የሚረዳው በዚያች ሌሊት ነው፤ አንዳንዱም ያን ጊዜም አይረዳውም።

ዳኛው ከባለ ጉዳይ ጋራ ሲጫወት ግን ነገሩ ከቤት ጉዳት አልፎ የአገር ጉዳት ይሆናል። በቀድሞው ልማድ ወደ ትልቅ ሰው ደጅ የሚሄድ ሰው እጅ መንሻ ይይዝ ነበር፤ እጅ መንሻው በግ ወይም ማር ቢሆን በሰው ሁሉ ዓይን ይታይ ነበር። በካርታ ገበታ ላይ የሚሰጥ እጅ መንሻ ግን አይታይም። መሬት የሚከራከር ሰው ሦስት ማታ ተከታትሎ መልካም ካርታ እየጣለ 2,000 ብር ቢበላ፥ ማን ምስክር ይሆናል? ሰጭው «ተሸነፍሁ» ይላል፤ ተቀባዩ «አሸነፍሁ» ይላል፤ ሁለቱም ቃላቸው ለጆሮ እውነት ነው። ዳኛው ራሱ እንኳ ጉቦ መቀበሉን ሳያውቅ ሊቀበል ይችላል፤ ሆዱ ግን ለዚያ «ደግ ተጫዋች» መራራቱ አይቀርም። ሕጋችን ጉቦን የሚቀጣው በምን ዐይነት ዕቃ እንደ ተሰጠ ለይቶ አይደለም። ስለዚህ የማኅበራቸው ሰዎች እኩያሞች ካልሆኑ፥ አንዱም በሌላው እንጀራ ላይ ሥልጣን ካለው፥ መደቡ አምስት ብር እንኳ ቢሆን ያ ገበታ መፍረስ ይገባዋል ብለን እንፈርዳለን። ለጨዋታው ፍቅር ያለው ሹም በባቄላ ፍሬ ይጫወት፤ በባቄላም ቢሆን ካርታው ያው ነው።

የመንዝ ሰው ከረጢት ማሳደግን ከካርታ አልተማረም። በመንዝ ጓሳ የሚባለው ምድር ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፥ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ደጋ ነው። የጓሳው ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ስለሚፈለግ፥ ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በራሱ ሕግ ሲጠብቀው ኖሯል። ምድሩ ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ጠባቂ አለቃ ይሾምለት ነበር፤ የሚከፈትበት ቀን ተቈርጦ ሳይነገር ማጭድ ያነሣ ሰው ይቀጣ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ የቀድሞው ሥርዓት ቢፈርስም፥ ሕዝቡ በኋላ ሌላ ዐይነት የጋራ አስተዳደር አቁሞ እስከ ዛሬ ይጠብቀዋል። ማጭድ ያለው ሁሉ ባማረው ቀን ቢያጭድ ኖሮ ዛሬ የሚጠበቅ ጓሳ ባልኖረም ነበር። በቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። ውርጭ ገብሱን በመታው ዓመት የመንዝ ባለ ቤት ሙክቱን ይሸጣል፤ የምትወልደውን በግ ግን እስከ መጨረሻው አያወጣትም። የዘር ገብሱንም በጕድጓድ ወይም በጐታ ለይቶ ያኖራል፤ ልጆች ቢራቡ እንኳ እናት ከዚያ ለማውጣት እጅዋ ይንቀጠቀጣል። ለቤት የሚሆነውንና ለዘር የሚሆነውን መለየት ይህ ነው።

እንግዲህ እኩያሞቹ ጋራ፥ ለማታ መጫወቻ ብቻ፥ በትንሽ መደብ የሚጫወት ሰው ቢኖር ከቤቱ ሰዎች ጋራ እንዲህ ቢስማማ ይሻላል እንላለን። ደመወዝ በመጣ ቀን አስቀድሞ የቤቱ ወጪ፥ የልጆቹ ትምህርትና የዕቁቡ ድርሻ ይውጣ። ከዚያ በኋላ ከተረፈው፥ ቢጠፋ በቤቱ ማንም ሰው የማያዝንበት ገንዘብ በአንድ ከረጢት ይለይ፤ ከረጢቷንም ባል ሳይሆን ሚስት ትያዛት። ወደ ጨዋታ ሲሄድ ከሃያ አንድ እጅ ብቻ ቈጥራ ትስጠው፤ 1,000 ብር ካለች 50 ብር። ያች ካለቀች ማታው አለቀ፤ ብድር የለም፥ «ነገ እከፍላለሁ» የለም። ሰዓቱም ከመሄዱ በፊት የተቈረጠ ይሁን፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከተባለ አሸንፎም ተበልቶም በሦስት ሰዓት ይነሣ። እየተበላ ያለ ሰው ሰዓት አያይምና ሰዓቱን አስቀድሞ የሚያየው በቤቱ ሳለ ነው።

ከረጢቷ ካለቀችም እስከሚቀጥለው ደመወዝ ድረስ አትሞላም። ከዕቁብ የደረሰ ገንዘብ በምንም ምክንያት ወደዚያች ከረጢት አይግባ፤ ዕቁብ የሰው ገንዘብ ያለበት አደራ ነውና።

ደግሞም ደብተር ይኑር። ቀኑ፥ የተቀመጠበት ሰዓት፥ ይዞ የሄደው፥ ይዞ የተመለሰው ይጻፍበት። ሚስቲቱ በማግሥቱ ጠዋት ቡና ስታፈላ «ትናንትና ስንት ተበሉ?» ብላ ብትጠይቅ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይመለስላት። ብዙ ሰው ያሸነፈበትን ማታ ለዓመት ያስታውሳል፤ የተበላበትን ግን እንጀራ ሳይቀርብለት ይረሳዋል፤ ደብተሩ ግን ሁለቱንም እኩል ያስታውሳል። ጥቂት ማታ ተጫውቶም በዕውቀት ነው ማለት አይገባም። ዐሥር ማታ ተጫውቶ ሰባት ወይም ከሰባት የበለጠ ማታ አትርፎ የተነሣ ሰው ራሱን ሊቅ አድርጎ ይቈጥራል። ነገር ግን ሳንቲም ዐሥር ጊዜ ወደ ላይ ቢወረወር፥ አንዱ ፊት ሰባት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚወጣው ከ1,024 ጊዜ 176 ጊዜ ነው። ይህም ከስድስት አንድ ያህል ስለ ሆነ፥ ምንም የማያውቁ ስድስት ሰዎች ቢጫወቱ ከመካከላቸው አንዱ በዕድል ብቻ እንደ ሊቅ ሆኖ ይታያል። ዕውቀትን ከዕድል ለመለየት የብዙ መቶ ሰዓት ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ በሳምንት ሁለት ማታ ለሚጫወት ሰው ደግሞ ይህ የዓመትና የሁለት ዓመት ደብተር ነው።

ስለ ሎተሪና ዛሬ በእጅ ስልክ ስለሚደረገው የኳስ ውርርድ ብዙ አንጽፍም። ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ሎተሪ የቈረጠ ሰው ቢያንስ የከፈለውን ያውቃል፤ ቍርጡን በኪሱ ይዞ ይተኛል። በስልክ የሚወራረድ ጐልማሳ ግን ከረጢቱም ገበታውም ሌሊትና ቀን በአንድ ኪስ ውስጥ ናቸው፤ ሚስትም ቈጥራ የምትሰጥበት ጊዜ የላትም። የካርታውን ገበታ ቢያንስ ብርዱና የቤቱ ርቀት ይከለክሉታል።

ደብተሩ በዓመቱ መጨረሻ ተደምሮ ከረጢቷ በእውነት አድጋ ብትገኝስ ምን ይሁን? በፈረንጆች ዘንድ ልማዱ ወደ ከፍተኛው መደብ መውጣት ነው። በዘመሮ ግን የሚወጣበት ከፍ ያለ ገበታ ቢኖር የሚቀመጡት እነዚያው አምስት ሰዎች ናቸው፤ የሚያድገው መደቡ እንጂ ባላጋራው አይደለም፤ ጉዳቱም ያንኑ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ከረጢቷ ከጀመረችበት እጥፍ በሆነች ጊዜ ትርፉ ከካርታው ፈጽሞ ይውጣ። የበግ ዋጋ ለፋሲካ ይወደዳል፤ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ በዚያ ገንዘብ አንዲት የመንዝ በግ ይገዛባት። የመንዝ በግ ብርድንም የግጦሽ እጥረትንም የምትችል፥ ላቷ የሰባ፥ ጠጕሯም ለባና የሚፈተል ናት። ሹሙ መሬትና እረኛ የሌለው ከሆነ ለአንድ የታመነ ገበሬ በርቢ ይስጣት፤ ግልገሎቹ እንዴት እንደሚካፈሉ፥ ብትሞት ቆዳዋ ለማን እንደሚመለስ፥ ጠጕሩም የማን እንደ ሆነ በሁለት ምስክር ፊት ይጻፍ። ውሉም በዚያው ደብተር ከካርታው ሒሳብ ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ ይገልበጥ፤ ሚስቲቱም ከባሏ ጋራ ትፈርምበት።